በጥርሴ የፈታሁት ቋጠሮ

በኡኬና በነቀምቴ መካከል ስለ እኔ የሚወራ አንድ ወሬ አለ። «ኦቦ ኢጃራ የወንድሙን ገዳይ እጅ ስሞ ይቅር ያለ ሰው ነው» ይላሉ። ሰርግ ላይ ሲያስተዋውቁኝ ይህንኑ ያስቀድማሉ። የተጣሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ስቀመጥ እንኳ አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «እኚህን ሰው እዩ እንጂ!» ብሎ ይጀምራል። «ኧረ አልሳምኩም» ስል ደግሞ ትሕትና ነው ይሉኛል። ሰው የወደደውን ወሬ በቀላሉ አይለቅም። እንግዲህ እኔም አርጅቻለሁ፤ የሆነውን እንደሆነ ላውጋችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ። ከኮሪያ ዘመቻ ተመልሼ፣ ከኡኬ ወረድ ብሎ በሚገኘው የአባቴ መሬት ላይ በቆሎና ዳጉሳ አርሳለሁ። አማርኛዬን የተማርኩት በወታደር ሰፈር ስለሆነ ስድቡን ከሰላምታው ቀድሜ ነው የያዝኩት። ከጦርነት ይዤ የተመለስኩት አንድ ሜዳሊያና አንድ ክፉ አመል ነው። ሜዳሊያውን እናቴ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። አመሉ ግን ከእኔው ጋር ቀረ። ድንገት የሚጮህ ነገር ከሰማሁ፣ ሳላስበው አጠገቤ ያለውን ሰው ይዤ መሬት ላይ እደፋለሁ። ምሽግ ውስጥ እንደዚያ ነበር የምንተራረፈው። አንድ ቀን ኡኬ ገበያ የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ አንዲት ቅቤ ሻጭ ከነቅቤዋ ይዤ ተደፋሁ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ታናሽ ወንድሜ ኦላና ነበር። «ወንድሜ ሴት የሚያቅፍበት ዘዴ ከኮሪያ ተምሮ መጣ» እያለ ሰነበተብኝ።

ኦላናን ያስገደለውም ይኸው ሳቁ ነው።

ከወንዙ ማዶ አያቶቻቸው ከጎጃም መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች አሉ። አበጀ የነሱ ልጅ ነው። ኦሮምኛን ከእኔ እኩል ይናገራል፤ ልጆች ሳለን አንድ ወንዝ ውስጥ ነው የዋኘነው። አንድ ቀን ከብቶቹ ውሃ ሲጠጡ የኦላናና የአበጀ ኮርማዎች ተዋጉ። የእኛው ኮርማ የነሱን ገፍቶ ጭቃ ውስጥ ጣለው። ኦላና ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቀና «ምን ታደርገዋለህ አበጀ፣ እንደ ጌታው እኮ ነው!» አለው። አበጀ በያዘው ዱላ አንዴ መታው። አንዴ ብቻ። ጆሮ ግንዱን አገኘው።

ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ከጆሮው ደም ይወርድ ነበር። ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ዓይኑ ተከፍቶ ያየኛል፤ አፉ ግን አልታዘዘለትም። ከብቶቹ ወደ በረት ሳይገቡ ሞተ። ኮሪያ ላይ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ የእነዚያን ልጅነት ግን አላውቅም። ይህኛውን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የዚያን ቀን አበጀን ባገኘው ኖሮ በእጄ አንቄ እገድለው ነበር።

አበጀ ወደ አንገር ቆላ ሸሸ። ከነቀምቴ ፖሊስ መጥቶ የሰው ቃል ተቀብሎ ሄደ። እኔ ጠመንጃዬን ይዤ ቆላውን አሰስኩት። በንዳድ ተይዤ፣ በቃሬዛ ተሸክመው መለሱኝ። እኔ ስንቀጠቀጥ የአጎቴ ልጅ ደበላ የማዶዎቹን ጎተራ አቃጠለ። እነሱ ደግሞ በምላሹ የእኛን ዘመድ እግሩን በጥይት መቱት። ከዚያ በኋላ ወንዙ ድንበር ሆነ። የደም ዕዳ በመካከል እስካለ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ውሃ አይቀዱም፣ አንድ ለቅሶ አይደርሱም። ልጆች እንኳ ከማዶ ለማዶ እየተያዩ ድንጋይ መወራወር ጀመሩ። ለከርሞ ደግሞ ድንጋዩ ጥይት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ይህን ጊዜ የአገር ሽማግሌው ኦቦ ጉርሜሳ ለጉማ ተነሡ። ጉማ የደም እርቅ ነው። ገዳዩ እጁን ታስሮ ይቀርባል፤ የሟች ወገን ተለምኖ ይቅር ሲል የሟች ታላቅ ወንድም በገዛ እጁ ይፈታዋል። ያ ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ። እምቢ አልኩ። ኦቦ ጉርሜሳም ከእኔ ጋር አልተሟገቱም፤ ወደ እናቴ ሄዱ። እናቴ በዚያው ማታ ጠራችኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ፣ «ሁለት ወለድኩ። አንዱን ቀበርኩ። የቀረኸው አንተ ነህ።»

«የኦላና ደም እንዲሁ ይቅር?»

«የኦላናማ ፈሷል። እኔ የምለምንህ ያንተን ነው። እኔ ልቅበርህ ወይስ አንተ ትቀብረኛለህ?»

እሺ አልኳት። አፌ ነው እሺ ያለው፤ ሆዴ አላለም።

የጉማው ቀን ጠዋት ከወንዙ ዳር ከዋርካው አጠገብ ተሰበሰብን። የእኛ ወገን በዚህ፣ የእነሱ ወገን በዚያ፤ ሴቶቹ ራቅ ብለው ጥላ ስር፣ ሽማግሌዎቹ በመካከል። ሕጉ ግልጽ ነው። ወደ ጉማ ብረት ይዞ የሚመጣ የለም፤ ጦር አይባል፣ ጠመንጃ አይባል፣ ቢላዋ እንኳ ከሽማግሌው በቀር ማንም አይይዝም፤ እሱም ቢሆን የእርቁ በግ እስኪታረድ ከአፎቱ አይወጣም። ሁላችንም እሺ ብለን ምለናል። ደበላ ግን ዋዜማውን ጦሩን ሣሩ ውስጥ ደብቆ ኖሯል። ከማዶ ደግሞ የአበጀ አጎት ግራዝማች ወልዴ ከካባቸው ስር አጭር ጠመንጃ ይዘው ኖሯል። መሐላ ማለት እንግዲህ እንደዚህ ነው።

አበጀን አመጡት። ፊቱን በነጠላ ሸፍነውታል፤ እጁ ወደ ኋላ በቆዳ ጠፍር ታስሯል። ከኋላው ዘመዶቹ ለልመና ሰርዶ በእጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እኛ ጀርባችንን ሰጠናቸው።

«ስለ ፈጣሪ!» አሉ። ዝም አልን።

«ስለ ምድር፣ ስለ ሰማይ!» ዝም።

«ስለ ወለደች እናት!»

እናቴ በተቀመጠችበት ስታለቅስ ሰማኋት። ዞርኩ። እኔ ስዞር የእኛ ሰው ሁሉ ዞረ። ደበላ ብቻ ጥርሱን ነክሶ ወደ ሣሩ ያያል፤ ለምን እንደሚያይ ያኔ አልጠረጠርኩም።

ሄድኩና ከአበጀ ኋላ ቆሜ ቋጠሮውን ያዝኩ። አይነቃነቅም! ጠፍርን ገበሬ ያውቀዋል፤ እርጥቡን ካሰሩት በኋላ ሲደርቅ ይጨብጣል። እሱን ደግሞ ጎህ ሲቀድ በእርጥቡ አስረው በፀሐይ ነው ያመጡት። ጥፍሬ ተላጠ።

«ኦቦ ጉርሜሳ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ቢላዋውን ወዲህ ይበሉኝ።»

«ብረት አይነካውም!»

«እና በምን ልፍታው?»

«ጣት የሰጠህ ለምን መሰለህ?»

ሽማግሌ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሥራውን ለአንተ፣ ተረቱን ለራሱ።

የአበጀ ድምፅ ከነጠላው ውስጥ ተሰማኝ። «አጥብቀው ያሰሩት አጎቴ ናቸው» አለ። «ለይምሰል አስረው አመጡት እንዳትሉን ብለው ነው።»

እጁን አየሁት። አብጦ ጠቁሯል። ኮሪያ ላይ አንድ ኮረብታ ስር እጁ በሽቦ ወደ ኋላ የታሰረ ሬሳ አግኝተን ነበር። የማን ወገን እንደሆነ፣ ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቱ ጭቃ ውስጥ ተደፍቷል፤ ጣቶቹ እንዲህ አብጠው ነበር። ብዙ ሬሳ ረስቻለሁ፤ ያንን አልረሳሁትም። ታስሮ የተገደለ ሰው ከሌላው ይለያል፤ ለምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፣ ይለያል።

ተንበረከክሁና ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩት።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሦስት ወገን ማየት አለባችሁ። እኔ ቋጠሮ እየፈታሁ ነው። ከኋላዬ ያሉት የእኛዎቹ የሚያዩት ጎንበስ ያለ ጀርባዬን ብቻ ነው። በፊት ለፊት ወደ ጎን የቆሙት ግራዝማች ወልዴ ግን አፌን ከወንድማቸው ልጅ እጅ ላይ አዩ። ሳመው! አሉ በልባቸው፤ የሟች ወንድም የገዳዩን እጅ ሳመ! በእነሱ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ደስታ በእልልታ ብቻ አያልቅም። ሰርጋቸውም፣ ክርስትናቸውም በተኩስ ነው። ግራዝማች ደስታው ከአቅማቸው በላይ ሆነና «ዘራፍ!» ብለው ጠመንጃውን ከካባቸው ስር መዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ።

እኔ «ዘራፍ»ን አልሰማሁም። የሰማሁት ጥይቱን ነው። ከዚያ አፌ ውስጥ አፈር ነበር፤ ከስሬ ደግሞ ሰው ነበር። እንደ ቅቤ ሻጯ ሁሉ አበጀን ይዤ ተደፍቻለሁ።

የእኛዎቹ ያዩትን አስቡት። ኢጃራ ጎንበስ አለ፣ ጠመንጃ ጮኸ፣ ኢጃራ ወደቀ። «ገደሉት! ሁለተኛውንም ገደሉት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? በወንዙ ዳር ዱላና ድንጋይ ዘነበ። ሰርዶ ይዘው ለልመና የመጡትን ሰዎች የያዙት ሰርዶ እንኳ ከዱላ አላስጣላቸውም። አንዱ የማዶ ሰው መንጋጋው ተሰብሮ በአጠገቤ እየዳኸ አለፈ። ግራዝማችን ሦስት ሰው ወድቆባቸው ያንኑ ጠመንጃ ነጥቆ በሰደፉ ክንዳቸውን ሲሰብረው፣ ስብራቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ሽማግሌዎቹ በመካከል «ዲሳ! ተዉ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ማን ይስማቸው! ሊታረድ የመጣው በግ ገመዱን በጥሶ ተፈተለከ። የዚያን ቀን አእምሮ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ደበላ ጦሩን ከሣሩ አንሥቶ ወደ እኛ መጣ። ሬሳዬን ሊያነሣ፣ አበጀንም ሊጨርስ ነው። ከላዬ ቆሞ ዓይኔ ተከፍቶ ሲያይ ፊቱ በደስታ በራ።

«አለህ! ኢጃራ፣ አለህ እኮ!»

«አለሁ።»

«ካኢ! ተነሥ! ተነሥልኝ፣ ልውጋው!»

ወሬው የሚዘለው ይህንን ቦታ ነው። እስከዚህ ያደረግሁት ሁሉ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የኮሪያ አመል ነው። ከዚህ በኋላ ግን ልነሣ እችል ነበር። የሚይዘኝ ሰው የለም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን መንከባለል ብቻ ነው። የኦላና ደም በአንድ የጦር ምት ይመለስ ነበር፣ ያውም እኔ እጄን ሳላነሣ፣ በግርግር መካከል፣ ማንም ሳይወቅሰኝ። ስንት ሌሊት የተመኘሁት ነገር ተዘጋጅቶ ቀረበልኝ።

አበጀ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ልመናም የለ፣ ልቅሶም የለ። ነጠላው ከፊቱ ወድቋል፤ ጉንጩ አፈር ላይ ነው። ትንፋሹ ከደረቴ ስር ከፍ ዝቅ ይላል። የታሰረው እጁ ሆዴን ይቆረቁረኛል፤ ጣቶቹ የሚይዙት ነገር አጥተው ይንቀሳቀሳሉ።

«ተነሥ እልሃለሁ!» አለ ደበላ። ድምፁ ተለወጠ። «የኦላና ገዳይ ነው እኮ! አላወቅኸውም?»

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ?»

አልተነሣሁም። ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ አልመልስላችሁም ነበር። ደበላ በእግሩ ሊያገላብጠኝ ታገለ፤ ሳይሆንለት ሲቀር በብብቴ ስር ባገኛት ክፍተት አበጀን ሊወጋ ሰነዘረ። ጦሩ አበጀን ሳተና የግራ ትከሻዬን በስቶ ገባ። ስጮህ የእናቴ ጩኸት ከእኔ ቀድሞ ተሰማ።

እናቴን ሮጣ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሮጠች። ከወገቧ መቀነቷን ፈትታ እኔንና አበጀን አንድ ላይ ጣለችብን። የእናት መቀነት ተሻግሮ ደም የሚያፈስ ሰው በእኛም ዘንድ የለም፣ በእነሱም ዘንድ የለም።

«ደበላ!» አለች። «አንዱን ማዶዎቹ ገደሉብኝ። ይህኛውን አንተ ልትገድልብኝ ነው?»

ደበላ ጦሩን አየ። በጦሩ ላይ ያለውን ደም አየ። ከዚያ ጦሩን ጥሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መቀነቱን ያዩ ሁሉ እየተጠራሩ ቆሙ፤ ድንጋይ የያዘውም ከእጁ ጣለ። በዝምታው መካከል የግራዝማች ወልዴ ድምፅ ተሰማ። የተሰበረ ክንዳቸውን ታቅፈው፣ ጥርሳቸው ረግፎ፣ ያለቅሳሉ።

«እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነው!» አሉ። «እጁን ሲስምለት አይቼ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኮስኩት!»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። «ኧረ ቋጠሮው ጠብቆብኝ ነው» አልኩ። በዚያ አፈርና ደም በሞላው አፌ ማን ሰማኝ! ወሬው ያን ጊዜ ተወለደ።

ኦቦ ጉርሜሳ ከመሬት አንድ እፍኝ ሰርዶ አንሥተው ወደ እኔ መጡ። «በጉ አምልጦናል» አሉ። «ለእርቁ የሚፈስ ደም ግን ፈሷል።» ሰርዶውን ከትከሻዬ ደም ነክረው ወደ ወንዙ ጣሉት። ውሃው ይዞት ሄደ። እናቴ ቁስሌን በነጠላዋ አጥብቃ ካሰረች በኋላ ወደ አበጀ እጅ አመለከተችኝ።

«ጀምረኸው የለም? ጨርሰው።»

በአንድ እጄና በጥርሴ ቋጠሮውን ፈታሁት።

አበጀ በራሱ እግር ነቀምቴ ወርዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ፤ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ፍርዱን ጨርሶ ተመለሰ። የእኔ ግራ ክንድ ከዚያ ወዲህ ከትከሻ በላይ አይነሣም። አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ አበጀ ሳይጠራ መጥቶ በሬዎቼን ጠምዶ ሲያርስልኝ አገኘሁት። እናቴ ምሳ ስታወጣ ለሁለት ሰው አወጣች። በየዓመቱ እንደዚሁ ሆነ። የአገር ሽማግሌ ያደረጉኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ ደም በተፋሰሰበት ሁሉ «የሳመው ሰው ይምጣ» እየተባልኩ ከኡኬ እስከ አንገር ዞርኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ይቅርታ መጀመሪያ ልብ ውስጥ ተወልዶ ነው ወደ እጅ የሚመጣው ይላል። እኔን እንደዚያ አልገጠመኝም። ልቤ ለብዙ ዓመት እምቢ ብሎ ኖሯል። ኦላና ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ሳቁን የሚመስል ሳቅ ከሰማሁ ዞሬ አያለሁ። ስለዚህ ለማስታረቅ ስቀመጥ ማንንም «ከልብህ ይቅር በል» ብዬ አስጨንቄ አላውቅም። «ለዛሬ ብቻ አትነሣ» ነው የምለው። ሌላው ቀስ እያለ ይደርሳል፤ ባይደርስም ሰው በሕይወት ይኖራል።

አበጀ ባለፈው ክረምት ታሞ ተኛ። ልጠይቀው ሄድኩ። ልጆቹን አስወጣና አጠገቤ ና አለኝ።

«ኢጃራ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ አልሞትም። ያን ቀን ደበላ ተነሥ ሲልህ ለምን አልተነሣህም?»

«እጅህ ታስሮ ነበራ» አልኩት።

«ባልታሰር ኖሮስ?»

ለሚሞት ሰው አይዋሽም። «ያኔማ እነሣ ነበር» አልኩት።

አበጀ ሳቀ። ሳል እያቋረጠው ሳቀ። «አጎቴን ነፍስ ይማር» አለ። «እንኳን አጥብቀው አሰሩኝ!»

በማግስቱ ሞተ። ገንዘው ሳይጨርሱ ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አንጓው ላይ የጠፍሩ ጠባሳ አሁንም አለ። ያን እጁን አንሥቼ ሳምኩት። ያንን ግን ማንም አላየም።